በእንኳን ደስ አለሽ የተጠራች ሐዘንተኛ

ባለፈው ሰኔ በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቴሌግራም ላይ የአንድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን አባት ማረፋቸው ተለጠፈ። ልጁ መልእክቱን ያነበበው ሻይ ቤት ተቀምጦ ፓስቲ እየበላ ነው። ከመልእክቱ ሥር ወዲያው የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ፤ አንዱ ደግሞ ተሳስቶ አውራ ጣቱን አቆመ።

በዚያው ሳምንት የጡረታ ማመልከቻዬን አስገባሁ። ሰዎች ሁለቱን ነገር አገናኝተው «አበራ በባህላችን መጥፋት ልቡ ተሰብሮ ወጣ» አሉ። ልቤ አልተሰበረም። ሃምሳ አምስት ሞልቶኛል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ጉልበቴም ከጭላሎ ተራራ ከሚወርደው ብርድ ጋር መከራከር ሰልችቶታል። ስለ ባህላችን ከሆነ ደግሞ፣ የሥራ ዘመኔን በሙሉ በእሱ ስለሠራሁበት፣ ከሚያለቅሱለት ሰዎች ይልቅ እኔ ሳላውቀው አልቀርም። ቴሌግራም ባለጌ ነው። ግን ቴሌግራም ያላደረገውን አንድ ነገር እኛ በጨዋነት አድርገነዋል፤ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በመደቡ ስም የሰው ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። በተግባር የዞናችንን መምህራንና ሠራተኞች የሚመለከት ወሬ ሁሉ የሚያልፍብኝ በር ነበርኩ። ማን ተዛወረ፣ ማን ደረጃ አደገ፣ ማን ወለደች፣ የማን የሕክምና ፈቃድ ጸደቀ፣ የማን እናት ሞተች። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ስሙ ስለሚለወጥ፣ በየትኛው እንደምጠራውም አላውቅ።

ሁሩታ በአስተማሪነት ጀመርኩ። ከዚያ ሲሬ መዝገብ ቤት ገባሁ፤ እዚያ ሰው ሁሉ ፋይሉን ፍለጋ ይመጣል፣ እኔ መጽሐፍ ሳነብ ያገኘኛል፣ ተናዶ ይሄዳል። ይህ ጠባዬ ዕድገት አስገኝቶልኝ አሰላ ተዛወርኩ። ካሳለፍኳቸው አለቆች አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይፈራ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ይተኛ ነበር። ከሦስቱ በጣም የተጠቀምነው በመጨረሻው ነው። ደመወዙን በተመለከተ፣ ይከፈለን ነበር። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ቱፋ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ የሚናገሩ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ በመስተዋት የተዘጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረን፤ ቁልፉን ኦቦ ቱፋ ለማንም አይሰጡም። ከሞት ማስታወቂያ አጠገብ ሹመት አያስለጥፉም። ውድቅ የሆነ የዝውውር ጥያቄም ዓርብ አያስለጥፉም። «ዓርብ የሰማ ሰው የሚጨቃጨቀው ቢሮ ያጣል» ይሉ ነበር። «ቅዳሜና እሑድ ሚስቱ ላይ ይወርዳል። ሰኞ ለጥፈው፣ እኛ ላይ ይውረድ፤ ደመወዝ የምንበላው ለዚህ ነው።»

ዋናው ሙያቸው ግን መርዶ ነበር። ገጠር የተመደበ ሠራተኛ ቤተሰብ ሲሞትበት የሚያረዳው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ማለት ደግሞ ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ከመግባታቸው በፊት ጎረቤት ይጠይቃሉ። ደም ግፊት አለበት? ነፍሰ ጡር ናት? ቤት ውስጥ ማን አለ? ሕፃን ታቅፋ ካገኟት መጀመሪያ ሕፃኑን ይቀበላሉ። የእጅ ሰዓታቸውን ደጅ ላይ አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሰው እያለቀሰ ዓይንህ ሳታስበው ሰዓት ላይ ካረፈ በሕይወትህ ይቅር አትባልም ባይ ናቸው። «ሙስሊም ቤት ቀብር አይጠብቅም፣ ወሬው መሮጥ አለበት» አሉኝ ገና በመጀመሪያው ጉዟችን። «ኦርቶዶክስ ቤት ጎህ ሲቀድ ነው። ጴንጤ ቤት ከሄድክ ግን መዝሙር የሚያነሣ ሰው ይዘህ ሂድ። አለዚያ አንተው ታነሣለህ፤ ድምፅህን ደግሞ ሰምቼዋለሁ።»

ስለ ውሸትም ሕግ ነበራቸው። ሰውን ከሩቅ ስትጠራ መዋሸትህ አይቀርም፤ በስልክ ሞት አይነገርማ። «ውሸቱ ግን ወደ ሐዘኑ ያዘንብል» ይላሉ። «‹ትንሽ አሟቸዋል› በል። መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይገባዋል። ግማሹን መርዶ አውቶቡሱ ያረዳልሃል።»

እኔ ይህን ሁሉ እየተማርኩ እንኳ አልወደድኩትም ነበር። ሰው የራሱን እናት ሞት ከሁሉ በኋላ የሚሰማበት አገር ውስጥ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ብዬ ተከራክሬያቸዋለሁ። ኦቦ ቱፋ ሰምተው ሲያበቁ «አንተ ብዙ አንብበሃል» ይሉኛል። በእሳቸው አፍ ይህ ምስጋና አይደለም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አቶ ዳዊት የሚባል ወጣት ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ደግ ነበር፤ ሰው ፊቱ ሲከፋ ማየት የማይችል ዓይነት ደግ። እንዲህ ያለ ሰው ኃላፊ ሲሆን በጣም መጠንቀቅ ነው።

በዚያ ዓመት ለአሰላ ከተማ አንዲት ክፍት የመምህር ቦታ ነበረች። ተራው የመምህርት ሰናይት ይመስል ነበር። ሰናይት ከአርቦዬ ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። እናቷ አሰላ ናቸው፤ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። በየዓመቱ ክረምት ቢሮዬ ትመጣለች።

«ጋሽ አበራ፣ ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ነጥብሽ ደህና ነው።»

«አምናም ደህና ነበር እኮ።»

«አምና የሌላ ሰው ነጥብ የበለጠ ደህና ነበር።»

«እርስዎ ሰው ሲያጽናኑ ሰው ይታመማል» ብላ ትስቃለች፤ ትሄዳለች። ዘንድሮ ግን እውነትም ደህና ነበር። ታማሚ ወላጅ ያለው መምህር ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ በእሱ ከሁሉም በላይ ወጥታለች። የቀረው ኮሚቴው ተቀምጦ ማጽደቁ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው ሳይቀመጥ እናትየው ሞቱ። ጠዋት ቢሮ ስንገባ አክስቷ ወይዘሮ ብርቄ የአቶ ዳዊት ደጅ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄን አምጡልኝ፤ ቀብሩ ነገ ነው» አሉ። «በስልክ እንዳትነግሯት ብቻ።»

«አሟቸዋል እንበላት» አልኩ።

«እሱን አይሞክሩት! ባለፈው ወር አሟታል ስንላት እየጮኸች ነው የመጣችው። ያኔ እንኳ መታመሟ ብቻ ነበር። አሁን እንደገና ታማለች ብትሰማ እዚያው ትወድቃለች፤ ብቻዋን ናት እኮ።»

አቶ ዳዊት ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ስልኩን አነሣ። ምን ሊል እንደሆነ የገባኝ ከንፈሩ ፈገግ ሲል ነው።

«መምህርት ሰናይት! እንኳን ደስ አለሽ! ዝውውርሽ ተሳክቷል። ዛሬውኑ አሰላ ነይ።»

በስልኩ ውስጥ የተሰማው እልልታ ወይዘሮ ብርቄን አስለቀሳቸው። ስልኩን እንደዘጋ «ምን አደረግህ?» አልኩት።

«በዚህ ሳምንት የሚጸድቅ ነገር ነው፤ ምን ውሸት አለው? ጋሽ አበራ፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች እንድትመጣ ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ» አልኩ። «እንደዚያ ነው የምፈልገው። ደግሞስ ነጥቧ የወጣው በማን ሕመም እንደሆነ አስበሃል?»

አላሰበም ነበር። ሲያስብ አየሁት። መልሶ ሊደውልላት ሞከረ፤ ስልኳ አይሠራም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥራ አልተሠራም። የምሳ ሰዓቱ አውቶቡስ ገባ፣ አልወረደችም። ሁለተኛው ገባ፣ አልወረደችም። እኔ ለኦቦ ቱፋ ደወልኩ።

«ምን ብላችሁ ጠራችኋት?» አሉኝ።

«ዝውውርሽ ተሳክቷል ብለን።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «በባጃጅ እመጣለሁ። እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነግራት።»

ከእሳቸው ቀድሞ በግቢው በር አንድ አይሱዙ ገባ። ላዩ ላይ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ቡፌ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተጭኗል። ሰናይት ከጋቢናው በቢጫ ቀሚስ ወረደች። የዘገየችው ቤቷን ለቅቃ፣ ቁልፍ አስረክባ፣ ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብታ ነው። እቅፏ ውስጥ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ የእንጨት ዕቃ ይዛለች።

«ጭኮ ነው» አለች። «የተማሪዎቼ ወላጆች ናቸው የሠሩልኝ። ‹ለእናትሽ› ብለው ነው፣ ግን እናንተ ሳትቀምሱ ቤት አይገባም!»

የአርሲን ጭኮ የበላ ያውቀዋል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ጠጥቶ የታሸ ነው። ለደስታ የሚሠራ፣ ጉሮሮ ላይ ቶሎ የማይወርድ ምግብ። በየተራ እየዞረች አጎረሰችን። ጸሐፊያችን አልማዝ ወደኋላ ሸሸች።

«ይቅርብኝ፤ ጾም ነኝ።»

«አንቺ? ከእኔ ጋር አንድ ቸርች አይደል እንዴ የምንሄደው? ከመቼ ወዲህ ነው ረቡዕ የምትጾሚው? አፍሽን ክፈቺ!»

አልማዝ አፏን ከፈተች። እኔም ከፈትኩ። አቶ ዳዊት ጎርሶ ማኘክ አቃተው፤ ጉንጩ እንዳበጠ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ደብዳቤዬስ?» አለች።

«እየተጻፈ ነው» አለ በሞላ አፉ።

«ምነው ፊታችሁ?» ሳቋ ቀነሰ። «እኔ ስመጣ ከተማው የሚጠብባችሁ መሰላችሁ እንዴ?»

በዚያው ቅጽበት ኦቦ ቱፋ በሩ ላይ ደረሱ። የእጅ አንጓቸውን አየሁ፤ ሰዓት የለበትም። እሷም ፊታቸውን አየች። በዞናችን ገጠር ያስተማረ ሰው ሁሉ ኦቦ ቱፋ ሳይጠሩ ከመጡ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ኦቦ ቱፋ ጡረታ ወጥተው አልነበር?» አለች ቀስ ብላ። የያዘችውን ጉርሻ ግን ወደ እሳቸው ዘረጋች፤ ቢበሉላት ሁሉም ነገር ደህና የሚሆን ይመስል።

«ቤት ሄደን እንበላለን፣ ልጄ።»

ሐሳባቸው በአይሱዙው ጋቢና ከጎኗ ተቀምጠው፣ በቀስታ፣ ከደጇ ሳይደርሱ ሊነግሯት ነበር። ሾፌሩ ግን ስለ ምንም የማያውቅ ሰው ነው፤ በአቋራጭ መንገድ አስገባን። ኦቦ ቱፋ «ልጄ» ብለው ሲጀምሩ አይሱዙው በመታጠፊያው ዞረ። በእናቷ ደጅ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶቹ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናውን ሲያዩ አንድ ላይ ተነሡ። በዚያ ቀን ያረዳት ሰው የለም። ያረዳት ድንኳኑ ነው።

አልጮኸችም። ሾፌሩን «አቁም» አለችው። ሳይቆም ወረደች።

ዕቃዋ ግቢ ውስጥ ተራገፈ። ወንበሮቿ ለለቀስተኛ መቀመጫ ሆኑ፤ በቢጫ ቀሚሷ ላይ የአክስቷን ጥቁር ነጠላ ደርባ እናቷን ቀበረች። ሰው ሁሉ ሲያጽናናት አንድ ነገር ይላት ነበር፦ «አይዞሽ፣ አሁን እዚሁ ነሽ፤ ዝውውሩ ደርሶልሻል።» እኛ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እዚያው ተቀምጠን ይህን እንሰማለን። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማን ያርማል?

ኮሚቴው በሐዘኗ ሦስተኛ ቀን ተቀመጠ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ አፍ እንጂ ድምፅ የለኝም።

«የታማሚ ወላጅ ነጥቧ ይነሣል» አለ አንዱ አባል። «ምክንያቱ አሁን የለም።»

«አለ እንጂ» አልኩ። «እኔ ራሴ ሲቀበር አይቻለሁ።»

አቶ ዳዊት ሳይሸሽግ ያደረገውን ተናገረ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ቃሉን ይጠብቅ ብሎ ለመነ። የሚደነቅ ነበር። ሰብሳቢዋ ግን ቀጥሎ ያለው ተረኛ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቀጥሎ ያለው የሲሬ መምህር ነበር፤ ትንሽ ልጁን በየሳምንቱ አሰላ ሆስፒታል የሚያመላልስ። ቦታዋ አንድ ናት። እንደ እኔ ለመቃወም የተፈጠረ ሰው እንኳ የሚቃወመው አጣ። ለሲሬው መምህር ተሰጠ።

ኦቦ ቱፋ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ነገርኳቸው።

«ልክ ናቸው» አሉ።

«እርስዎም እንዲህ ይላሉ?»

«ልክ የሆነ ነገር አያምም ያለህ ማነው?» ከአግዳሚው ተነሡ። «ነገ ጠዋት እንሂድ። ዳዊት አብሮን ይምጣ።»

በማግሥቱ ሦስታችን ሄድን። ድንኳኑ ተነሥቷል። ቤት ውስጥ ሰናይትና አክስቷ፣ ጥቂት ጎረቤቶችም ተቀምጠዋል። ኦቦ ቱፋ ከልማዳቸው ሰዓታቸውን አውልቀው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ «ልጄ፣ ሌላም የምንነግርሽ አለ» አሉ።

ወይዘሮ ብርቄ ደረታቸውን ደቁ። «ማን ደግሞ? ኧረ ማን ደግሞ!» ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ተቀበሏቸው።

«ሰው አይደለም!» አልኩ ከወንበሬ ተነሥቼ። «ማንም አልሞተም! ሁሉም ሰው ደህና ነው!» ለቅሶ ቤት ቆሞ እንዲህ ብሎ የጮኸ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ጸጥ ሲል አቶ ዳዊት ተናገረ። «ዝውውሩ የለም። ስደውልልሽም አልነበረም። እንድትመጪ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ትናንት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

ሰናይት አላየችውም። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ኦቦ ቱፋን ጠየቀች።

«እማዬስ ሰምታ ነበር?»

«ምኑን፣ ልጄ?»

«መዛወሬን። ሳትሞት በፊት ነግራችኋት ነበር?»

ሦስታችንም የጠየቀችው ገባን። ለካ ሐዘኑን ሁሉ የቻለችው በዚህ ነው፤ እናቴ ልጄ መጣችልኝ ብላ ነው ያረፈችው ብላ። አቶ ዳዊት ኦቦ ቱፋን በልመና ዓይን አያቸው። እኔም፣ በዚህ ልማድ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ያፌዝኩት ሰው፣ «ሰምተዋል» ቢሉላት ብዬ ተመኘሁ። አንዲት ቃል ናት። ማንም አያጣራት።

«አልሰሙም» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ስንደውልልሽ አርፈው ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ታለቅሳለች ብለን ጠበቅን፤ አላለቀሰችም።

«እንግዲያው ቦታው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «አይሱዙ ጥሩልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አክስቷ። «በሐዘን ላይ ዕቃ ይጫናል? ሰው ምን ይላል?»

«ሲመጣ ተጭኖ አይደል የመጣው፣ አክስቴ?»

ሰው ቢለምናት እምቢ አለች። ከሰዓት በፊት ያው ሾፌር መጣ። አልጋውን እኔና አቶ ዳዊት ነን ያነሣነው፤ ቡፌውን ጎረቤቶች። ሾፌሩ ገመዱን እያጠበቀ ምን እንደተፈጠረ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔ ገመዱን አያለሁ። እሷ ጋቢናው ውስጥ ገብታ መስተዋቱን ዝቅ አደረገች። ስልኳን አውጥታ ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ደወለች፤ እኛ ሦስታችን በሩ ሥር ቆመን እንሰማለን።

«ሃሎ፣ ጋሼ። እናቴ ሞታለች። ዝውውሩም ውሸት ነበር። ዛሬ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ቤቱን ለሰው ሰጥታችሁት ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

የሚሉትን አዳመጠች። «እሺ» አለች። «ቁልፉን ዘበኛው ጋ ይተዉልኝ።»

ስልኩን ዘጋችና ለሾፌሩ «እንሂድ» አለችው። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ለስንብት አንሥተው ነበር፤ አላየችውም። እኔ በዚያ ሥራ ላይ ከዚያ በኋላም ዓመታት ቆየሁ። ዜና እሷ ለዳይሬክተሩ እንደነገረችው ሲነገር ግን ዳግመኛ አልሰማሁም።